የመንታ እናት እግር

ወገቡን ያመመው ሰው ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እህል መቅመስ አለመቅመሱን ነበር። ከቀመሰ ይመለሳል። ካልቀመሰ እናቴ ምሰሶው ሥር ቁርበት ታነጥፍለታለች፤ ሰውየው ጋቢውን ጥሎ በሆዱ ይተኛል፤ እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በመቀነቷ ትታጠቅና በአንድ እጇ ምሰሶውን ይዛ በቀኝ ተረከዟ ወገቡን ሦስት ጊዜ ትረግጠዋለች። ይኼ ለማንም ሴት የተፈቀደ አይደለም። በአገራችን የወገብ በሽታን ረግጣ የምታወጣ መንታ የወለደች ሴት ብቻ ናት። ሌላዋ ብትረግጥ ልፋት ብቻ ነው ይባላል፤ በሽታው ወደ ረጋጯ ይዞራል የሚሉም አሉ።

እናቴ፣ የብርጓል፣ መንታ የወለደች ነበረች። አንዷ እኔ አሰገደች ነኝ። ሁለተኛው ወንድሜ ውበቱ ነው፤ እሱ በተወለደ በሠላሳ ስምንት ቀኑ፣ ክርስትና ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን እንደሚጠመቁ የማያውቅ የለም። የእኔ ጣጣ ሁሉ የመጣው ግን ከዚያች ከጎደለችው ሁለት ቀን ነው።

አባቴ ሙላት ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ በ1930 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ እናቴ ከመርጡለ ማርያም በኩል ካለው መንደራችን እኔንና አንዲት አህያ ይዛ ወደ አምበር አቅራቢያ ተነሣች። አጎቷ መሪጌታ አካለ ወልድ እዚያ ቅኔ ያስተምሩ ነበርና “ባዶ ቤት አለ፣ ነይ” ብለው ልከውባት ነው። አህያዋ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ተጭናለች። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት እናቴ “ወንድምሽ ነው” አለችኝ።

ወንድም እንደነበረኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አብራችሁ አንድ ማኅፀን ነው የተኛችሁት፤ ኀዘን ለልጅ አይነገርም ብዬ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ፤ ዐፅሙን ባዕድ እጅ ላይ ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም አለችኝ። ደስታዬን ማንም አያምነኝም። ስድስት ዓመት ተኩል ሙሉ ብቻዬን የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ወንድም አገኘሁ፤ ያውም ተጎትቶ የማይሄድ፣ ተጭኖ የሚሄድ። መንገዱን ሁሉ በሣጥኑ ጎን እየሄድኩ አወራሁት። አህያዋ ዳገት በመጣ ቁጥር ታቃስት ነበር። የሠላሳ ስምንት ቀን ሕፃን ዐፅም ይህን ያህል ይከብዳል ወይ ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዕድሜ አልነበረኝም።

ኬላው ላይ ባንዶች አስቆሙን። አንዱ ሣጥኑን በዱላው መታ አደረገና ምን እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ከመመለሷ በፊት እኔ ቀድሜ “ወንድሜ ነው፣ ሞቷል” አልኩት። ሰውየው ፊቱ ጭፍግግ አለ፤ አማተበና በእጁ እለፉ አለን። እናቴ ከዚያ ወዲያ ብዙ መንገድ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ሄደች፤ መዳፏ በላብ ርሶ ነበር። ስለ ልጇ ያዘነች መሰለኝ።

ያልተጠመቀ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርምና ወንድሜን ከአዲሱ ቤታችን ጓሮ ቀበረችው። አፈሩን ጉብ አድርጋ ከመረችበት፤ ጓሮው ተዳፋት ስለሆነ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እንዳይነካው ዙሪያውን ቦይ አወጣችለት። ለልጇ መቃብር እንዲህ የምትጠነቀቅ እናት አላየንም ብለው ጎረቤቶች አመሰገኗት።

የመንታ እናት መጣች መባሉ ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ደጃችን ሰው ይሰለፋል። የሚመጡት ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ያኔም ቢሆን አስተውያለሁ፤ ልዩነቱን ግን የፈታሁት በራሴ መንገድ ነው። አንደኞቹ ሲያርሱ የዋሉ፣ እንስራ ያጎበጣቸው፣ ከወሊድ በኋላ ቀና ማለት ያቃታቸው ነበሩ። ለእነዚህ ከመርገጡ በተጨማሪ መላ ነበራት፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ጨው በብረት ምጣድ አሙቃ በጨርቅ ትቋጥርና ወገባቸው ላይ ታስቀምጣለች። ጠፍጣፋ የወንዝ ድንጋይ እሳት ዳር አሙቃ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ጎድናቸው ሥር ታደርጋለች። ፌጦ ወቅጣ ትለጥፍላቸዋለች፤ ሲያቃጥላቸው “ዝም በሉ፣ በሽታው ሲወጣ ነው” ትላለች። ልጥፉ ሲነሣ በቅቤ ታሻቸዋለች። ከዚያ ሸክም አታንሡ፣ ግን ተኝታችሁም አትዋሉ፤ ወጣ ገባ በሉ፤ ስትተኙ መደብ ላይ በጎናችሁ ሁኑ ብላ ትሸኛቸዋለች። አብዛኞቹ ይሻላቸው ነበር። አንድ እንቁላል፣ ጥቂት ጎመን ይዘው ይመለሳሉ።

ሁለተኞቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ጨውም ድንጋይም አይሞቅላቸውም። ተኝተው ይረገጣሉ፣ እየተረገጡ ያወራሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። አይድኑም፤ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ከእነሱ ውስጥ እኔ የምወደው አለበልን ነበር። ረጅም ነው፣ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፣ ሲመጣ በጋቢው ጫፍ አጋም ቋጥሮልኝ ይመጣል። እናቴ እሱን ስትረግጥ በሽታውን እንኳ አትጠይቀውም፤ ራሷ ትነግረዋለች። “ሐሙስ ከራስህ ይነሣብሃል” ትለዋለች። “አምስት ጊዜ ይወጋሃል፤ ሁለቱ ከባድ ናቸው። ወገብህ ሳይደርስ ብትታሸው ነው የሚሻልህ።” እሱም ፊቱን ቁርበቱ ላይ እንደደፋ “እግሬስ?” ይላታል። “እግርህ ደኅና ነው፤ እስከ ሰኞ ምንም የለውም” ትለዋለች።

እናቴ ሰው የሚታመምበትን ቀን አስቀድማ የምታውቅ ሴት ነበረች ማለት ነው። ይህን ለጎረቤት ልጆች ስነግር በኩራት ነው። የዚያ በሽተኛ ራስ ደብረ ማርቆስ፣ ወገቡ አምበር፣ እግሩ ደጀን እንደነበረ፣ ከራሱ የሚነሣው ሕመምም የጣሊያን ካሚዮን እንደነበረ የገባኝ ልጆች ከወለድኩ፣ ያውም ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው። ሥራው የመሪጌታ አካለ ወልድ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው መንገዱን በሰው ገላ ላይ ቢዘረጉት አያስደንቅም።

ከሁለቱም ያልሆነ አንድ በሽተኛም ነበረን። አንሙት የሚባል የባንዳ አለቃ ነው። አንድ ዓርብ በበቅሎ መጣና ሰልፉን ጥሶ ገባ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ገለል አለለት፤ እናቴም ፊቷ ነጣ። አንሙት ግን የመጣው እውነቱን ወገቡን አሞት ነው። ቁርበቱ ላይ ሲጋደም እንደ ሴት ልጅ ነው ያቃሰተው። እናቴ ምሰሶውን ይዛ ረገጠችው፤ እሱን ስትረግጥ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ጠንከር አድርጋ እንደነበር አስታውሳለሁ። ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወገቡን ወዲህ ወዲያ አዟዟረው። ተሽሎታል።

እናቴ የሚተኙት የት ነው ብላ ጠየቀችው፤ ጣሊያኖቹ የሰጡኝ የሽቦ አልጋ ላይ ነው አላት። “ከፈረንጅ አልጋ ይውረዱ፣ ጌታው” አለችው። “የእርስዎ ወገብ የሚድነው የአገሩን መሬት ሲነካ ነው።” አመስግኖ ሄደ፤ በሳምንቱ ስኳር ላከልን። ሰሙን ወስዶ ወርቁን እኛ ጋ ትቶት ነበር የሄደው። ከዚያ በኋላ በዚያች መበለት ቤት ወንድ በዛ የሚል ሐሜት ሲነሣ የሚከላከልልን እሱ ሆነ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የወንድሜ ነገር ነበር። በየቀኑ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ አጫውተዋለሁ፤ አጋም ሳገኝ ግማሹን አስቀምጥለታለሁ፤ በነጋታው ወፍ ትበላዋለች፣ እኔ እሱ የበላ ይመስለኛል። የክርስትና ስም የሌለው ሰው በወዲያኛው ዓለም ማን ተብሎ ይጠራል? እናቴን ብጠይቃት ሂጂ እንጨት ልቀሚ ትለኛለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አለበል ተረግጦ ከተነሣ በኋላ እሱን ጠየቅሁት።

“ጋሼ አለበል፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?”

“የክርስትና ስም የሚነገረው ለቄስና ለመቃብር ነው” አለኝ እየሳቀ። “ጠላት ካወቀው ድግምት ያስደግምበታል።”

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወንድሜ የለውም አልኩት፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሞተ። አለበል ወደ እናቴ ዞሮ አየ። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ቀና አላለችም። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለና “አታስቢ” አለኝ። “ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል አይደል? ያን ቀን ሰማይ ይከፈታል። የሚዘንበው ሁሉ ጠበል ነው፤ የነካው ሁሉ ይቀደሳል። ወንድምሽንም አፈሩን አልፎ ያገኘዋል።”

ሕፃን ሊያጽናና ብሎ የተናገረው ነው። ደግ ሰው ነበር።

እኔ ግን ነገሩን ይዤ ጓሮ ሄድኩና መቃብሩን መረመርኩት። አፈሩን አልፎ እንዴት ያገኘዋል? እናቴ ጉብ አድርጋዋለች፤ የሚዘንብበት ሁሉ ወደ ጎን ይፈሳል፤ ከላይ የሚመጣውም በቦዩ ዞሮ ይሄዳል። ክረምቱን ሙሉ ወንድሜ ጠብታ ውሃ አልደረሰውም። እናቴ ደግ ብታስብም ሳታውቀው ልጇን ከጠበል ከልክላዋለች ብዬ ደመደምኩ። ይህን ለመሪጌታ እንዳልነግራቸው ደግሞ ሴት አታጠምቅም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን እናቴ ጠላ ለማድረስ መሪጌታ ቤት ሄዳ ነበር። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የመንደሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ሜዳ ላይ ይዘላሉ፤ ሩፋኤል አሳድገን እያሉ ይጮኻሉ። እኔም ቀሚሴን አወለቅሁ፣ ግን ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በስባሪ ዶማ የቦዩን ግድግዳ ከፍቼ ጎርፉን ወደ መቃብሩ መለስኩት። ከራስጌው በኩል ደግሞ አንድ ችካል አንሥቼ አፈሩን ቆፈርኩ፤ እንጨት እስኪነካኝ ድረስ። የሣጥኑን ክዳን በችካሉ ጫፍ ሦስት ጊዜ መታሁት፤ እየመጣሁ ነው ለማለት ያህል። ውሃው በጉድጓዱ እየተንደቀደቀ ገባ። ሰው ሲጠመቅ ሦስት ጊዜ ነውና ቦዩን በጭቃ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። ስሙንም ጮክ ብዬ ሰጠሁት። ጉድጓዱ ውሃ አልጠጣ ብሎ ሲሞላ፣ ጠገበ ብዬ ደፈንኩት። ቦዩን እንደነበረ አስተካከልኩት፣ አፈሩን በእጄ ደልድዬ እግሬን ታጠብኩ። እናቴ ስትመጣ ቀሚሴን ለብሼ እሳት ዳር ተቀምጬ ነበር።

መስከረም በገባ በሳምንቱ እናቴ በማለዳ ወደ መሪጌታ ቤት ላከችኝና እዚያው ዋይ አለችኝ። ስመለስ የወንድሜ መቃብር አፈር እንደ አዲስ ተገልብጧል፤ ጉብታውም ዝቅ ብሏል። ለአዲስ ዓመት አስተካከልኩት አለችኝ። እኔ ግን ምሥጢሩን አውቃለሁ፤ ተጠምቋል፣ ተነሥቶ ሄዷል። ማታውን ደስ ብሎኝም አልቅሼም ተኛሁ፤ አጫዋቼን ገነት ልኬዋለሁና።

ከዚያ በአምስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዎች አለበልን በቃሬዛ አመጡት። ደጅ ላይ ጎረቤት ስለነበረ ተሸካሚዎቹ ጮክ ብለው ወገቡን ታሞብን ነው፣ ለመንታ እናት አመጣነው ይላሉ። ቁርበቱ ላይ በሆዱ አጋደሙት። ሸማው ከወገቡ በታች በደም ደርቋል። ለእኔ ይህ ሁሉ አዲስ አልነበረም፤ ሰውየው የወገብ በሽተኛ ነው፣ እናቴ ደግሞ መድኃኒቷ እግሯ ላይ ነው። ምሰሶውን እንድትይዝ ጠበቅኋት። አልያዘችም።

“እማዬ፣ እርገጭው እንጂ” አልኳት።

እሷ ግን ቁስሉን በለብ ያለ ውሃ አጥባ አሰረችለት። ከዚያ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ጨው አሞቀች፣ ቅቤ አቀለጠች፣ ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ አግላ እግሩ ሥር አደረገችለት። ጥቂት ቆይታ ስታነሣው የእግሩ ቆዳ ተልጦ ከነጠላው ጋር መጣ። አለበል ምንም አላለም። አልተሰማውም። እናቴ ድንጋዩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ለማንም የምትረግጥ ሴት፣ ለባንዳ እንኳ የረገጠች፣ ለአለበል እግሯን ነፈገችው። ጠላኋት፤ ያን ቀን ጠላኋት።

ተሸካሚዎቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። ከአሥሩ ሰባቱ አልጮኹም፤ እርጥብ ነበሩ፤ በእጃችን እያየናቸው ከሸፉብን ይላሉ። የታቀፈች ዶሮ ነበረችንና የጫጩት ወሬ መስሎኝ ሰው እየታመመ ስለ ዶሮ ያወራሉ ብዬ ተቀየምኳቸው። መሪጌታ መጡ። እናቴ ደጅ ይዛቸው ወጥታ ስታለቅስ ሰማኋት። “ሰሙን ያሳሳሁት እኔ ነኝ” ትላለች። “ቆጥቤ ነው። ሰሙን አሳስቼው ነው።” እኔ ለቤተ ክርስቲያን ስለሠራችው ጧፍ የምታወራ ነበር የመሰለኝ። ለቀጭን ጧፍ ይህን ያህል ይለቀሳል ወይ አልኩ።

በማግሥቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ዝንብ እንድከለክልለት አጠገቡ አስቀመጠችኝ። አለበል ዓይኑ ተከፍቷል። እናቴ ስላልረገጠችው ላጽናናው ፈለግሁ፤ ያለኝ ደስ የሚል ወሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ወንድሜ ተጠምቋል አልኩት።

“እንዴት?” አለኝ።

በሩፋኤል ዝናብ አልኩት። እርስዎ እንዳሉኝ። ዝም ብሎ ስለማይደርሰው ቦዩን ሰብሬ አመጣሁለት፤ እስከ ሣጥኑ ቆፍሬ።

“ስንት ጊዜ?”

“ሦስት ጊዜ። እስኪጠግብ።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። ዝንቡን ማባረሬን ቀጠልኩ። ብዙ ቆይቶ ወደ እኔ ተመለሰና እጁን አውጥቶ ራሴን ዳበሰኝ።

“ደግ አድርገሻል” አለኝ። “ይኼን ግን ለማንም እንዳትነግሪ። ለእናትሽም ቢሆን። ጥምቀት ምሥጢር ነው።”

ማይልኝ አለኝ፤ ማልኩለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ለጠየቀ ሁሉ ወገቡን ታሞ ሞተ ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር መሪጌታ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ጠየቁ፤ ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እናቴም አታውቅም። መሪጌታ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ አንተ ታውቀዋለህ ብለው ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ሰው ረግጣ አታውቅም። የሚመጣውን ሁሉ ጨውና ድንጋይ ትሰጠዋለች፣ እግሬ ደክሟል ትላለች። እየተረገጡ የሚያወሩት ወንዶችም መምጣት አቆሙ። ለምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ወንድሜን አጥምቄ ወደ ገነት ስለላክሁት እናቴ የመንታ እናትነቷ ቀርቷል፤ እግሯ ኃይሉን ያጣው፣ አለበልንም ያልረገጠችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ኃጢአት ተሸክሜ አደግሁ። ጥፋተኛነቴን በትክክል አውቄ ነበር፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳትኩት።

ጣሊያን ወጣ። እኔም አደግሁ፣ ደብረ ማርቆስ ተዳርኩ፣ በ1947 መንታ ወለድኩ። ጥሩነሽና ዓባይ እንላቸዋለን። ያገሩ ሰው ሁሉ እሰይ፣ መንታ ከመንታ አለ፤ እናቴ ብቻ ሁለቱን በሁለት ክንዷ ታቅፋ ረጅም ጊዜ ታያቸው ነበር። ከዚያ እኔም በተራዬ ረጋጭ ሆንኩ። ወገቡን የታመመ ሰው የእኔን በር ማንኳኳት ጀመረ፤ የማደርገውን ሁሉ ከእሷ አይቼ ነው።

እናቴ ካረጀች በኋላ እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ወገቧ አጎበጣት። ጨው አሞቅሁላት፣ ፌጦ ለጠፍኩላት፣ በቅቤ አሸኋት፤ ከሐኪም ቤት ያመጣሁላትን ክኒን ከትራሷ ሥር ትደብቀዋለች። ልርገጥሽ ባልኳት ቁጥር እምቢ ትላለች። በ1970 ጳጉሜን ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት፣ ቡናም ሳትቀምስ፣ ራሷ ቁርበቱን አስነጠፈችና በሆዷ ተኛች። በአንድ እጄ የበሩን መቃን ያዝኩ፤ ግራ እግሬን መሬት ላይ ተውኩና ቀኙን ወገቧ ላይ አሳረፍኩ፤ ክብደቴ እንዳይጎዳት ፈርቼ። አጥንቷን በተረከዜ ቆጠርኩት።

“አንቺ የእውነቷ ነሽ” አለችኝ ፊቷን እንደደፋች። “እኔ መንታ አልወለድኩም።”

እግሬን ላነሣ ስል አታንሺ አለችኝ። መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ነገረችኝ። መሪጌታ እንዴት እንዳሰቡት፣ ወንዶች ቤቷ ሲገቡ ለምን እንደማይጠረጠሩ፣ ራሱና ወገቡ እግሩም የት የት እንደነበረ። ውበቱ የሚባል ልጅ አልነበረም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥይት ነበር፤ መንደር ውስጥ ባሩድ እየተሞላ የተሠራ፣ እርጥበት የማይወድ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት። ሰም በተቀባ ጨርቅ ጠቅልላው ነበር።

“አለበልን የገደልኩት እኔ ነኝ” አለች። “ሰሙን ለጧፍ ይተርፈኛል ብዬ ጨርቁን በስሱ ቀባሁት። ውሃ ገባ። እሱ ይተኩሳል፣ አይጮኽም። ከዚያ በኋላ በማን ወገብ ላይ ልቁም?”

ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ አለበልንም። ስታለቅስ የሰማኋት፣ ጫጩቶቹ፣ የተላጠው ቆዳ፣ የሚንቀጠቀጠው ትከሻ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። ፈራሁ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ የሚያውቀው አንዱ ሰው ደግሞ አስምሎኝ ሞቷል። እናቴ ግን ያን ሁሉ ዓመት የእኔን ተሸክማ ጎብጣ፣ እግሬ ሥር ተኝታለች።

“ሰሙ አልሳሳም” አልኳት።

ነገርኳት። የቦዩን፣ የችካሉን፣ ሦስቱን ጊዜ፣ አለበል ያለኝንም። ስጨርስ አልተንቀሳቀሰችም። ጀርባዋ በእግሬ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ነው በሕይወት መኖሯ የሚታወቀኝ። ውጭ ዝናብ ያካፋል።

“ማን አልሽው?” አለችኝ በመጨረሻ።

“ምኑን?”

“የክርስትና ስሙን።”

“ወልደ ሩፋኤል።”

ቀስ ብላ ደገመችው፤ እንደሚቀመስ ነገር። ከዚያ “አለበል ያለ ስም ነው የተቀበረ” አለች። “በዚያ ስም አሳስቢለት። ለሌላ ለማንም አልተሰጠም።”

እሺ አልኳት። እጄ መቃኑን እንደያዘ ነው፤ አንድ እግሬ እሷ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ። እጇን ወደ ኋላ ልካ መሬት ላይ ያለውን ቁርጭምጭሚቴን ነካ አደረገችው።

“ይኼን ለምን ተውሽው?” አለችኝ። “በሁለቱም ቁሚ። እችልሻለሁ።”

መቃኑን ለቅቄ ቆምኩ።